ተራራው ደህና ነው

ፀሐይወርቅ የወጥ ቤቱን መጋረጃ ስትገልጥ ከጓሮው ጋራዥ በር ሥር ነጭ ጭስ ሲወጣ አየች። ጭሱ በበረዶው ላይ ዝቅ ብሎ እንደ ጉም ይሳባል። ባለቤቷ ጀማነህ ገና ሳይነጋ «ከሰው ጋር መሄጃ አለኝ» ብሏት ስለ ወጣ፣ እስካሁን ርቆ ሄዷል ብላ ነበር። በቤት ጫማዋ እንደሆነች ሮጠች። የጋራዡን በር በሁለት እጇ ወደ ላይ ስትገፋው የሚያፍን ሙቅ ሽታ ፊቷን መታው።

መኪናው እየሠራ ነበር። ጀማነህ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ራሱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጎ ተቀምጧል። የተኛ ይመስላል። የተቀመጠው ግን በሾፌሩ ወንበር ላይ አልነበረም፤ ከጎን ባለው ወንበር ላይ ነበር።

ፖሊሶቹ ፈጥነው መጡ፣ ፈጥነውም ጨረሱ። ሸምገል ያለው ፖሊስ ኮፍያውን አውልቆ በርኅራኄ አናገራት። ኮሎምበስ ውስጥ በየክረምቱ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚደርስ፣ ከሙቅ አገር የመጣ ሰው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መኪና ማሞቅ እንደሚገድል ላያውቅ እንደሚችል ነገራት። አደጋ ነው ብሎ ጻፈ። አስከሬኑን ወሰዱት፤ ቤቱም ጭር አለ።

ከፖሊስ ሌላ ፀሐይወርቅ የደወለችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ማንያህልሻል ከአጎራባቹ ሰፈር ከቤክስሊ ተነሥታ የፀሐይወርቅ ቤት ወዳለበት ኢስትሙር ለመድረስ ብዙም አልቆየች። ማንያህልሻል በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ መርማሪ ናት። ተቃጠለ የተባለው ቤት በእርግጥ በአደጋ መቃጠሉን፣ ተገጨ የተባለው መኪና በእርግጥ መገጨቱን ማጣራት ሥራዋ ነው። የከተማው ሐበሻ ይወዳታል፤ ትንሽም ይፈራታል። ሰው ሲያወራት ዓይኑን አታይም፤ የምታየው እጁን ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ፀሐይወርቅ በሩን እንደከፈተችላት። «ከተራራው ጉንፋን ይዞት ነው የተመለሰው። ሳይወጣ የጉንፋን መድኃኒት ሰጠሁት። የሚያስተኛ መሆኑን እያወቅሁ ሰጠሁት።»

ማንያህልሻል አቀፈቻት፤ ግን ወዲያው አላጽናናቻትም። አስቀመጠቻትና ከመጀመሪያው ንገሪኝ አለቻት።

ነገሩ የተጀመረው በልጆቹ ነበር። እዚህ አገር ያደጉት የከተማው ሐበሾች ማኅበር ልጆች በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ወዳለ የበረዶ መንሸራተቻ፣ የስኪ ሪዞርት ካልሄድን ብለው ወላጆቻቸውን አስጨንቀዋል። ገሚሱ ወላጅ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ማነስ የለባቸውም አለ። ገሚሱ ደግሞ ከጦርነትና ከበረሃ ያወጣነውን ልጅ በሁለት እንጨት ላይ አቁመን ከተራራ አንወረውርም አለ። በመጨረሻ ቦታውን ጀማነህ ሄዶ ይየው ተባለ። ጀማነህ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ተቆጣጣሪ ነው፤ ጉድለቱን ፈልጎ ሳያጣ ደህና ነው የማይል ሰው ነው። እሱ ይኬድ ካለ ይኬዳል፣ ይቅር ካለ ይቀራል ብለው ሁሉም ተስማሙ። ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ ዘውዱ በቫኑ ይዞት ሄደ። ትናንት አመሻሽ ላይ ተመለሱ። ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጀማነህ በማኅበሩ ፊት ቆሞ ያየውን ሊናገር ነበር።

«ስለ ተራራው ምን አለሽ?» አለች ማንያህልሻል።

«ምንም። እራቱንም አልቀመሰም። ስልክ ይደውላል፣ ይደወልለታል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ምን ሆነሃል ስለው ‹ጠዋት ከሰው ጋር መሄጃ አለኝ፤ ስመለስ እነግርሻለሁ› አለኝ።»

«ከማን ጋር?»

«አልነገረኝም።»

ማንያህልሻል ብቻዋን ወደ ጋራዡ ሄደች። ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የወጥ ቤቱን መጋረጃ መዝጋት ነበር።

«ፀሐይዬ፣ ብቻውን መኪና የሚያሞቅ ሰው በሾፌሩ ቦታ ይቀመጣል። አለዚያም አስነሥቶ ወደ ቤት ይገባል። ከጎን የሚቀመጠው የሚነዳለት ሰው ሲኖር ነው።»

«ጀማነህ በበረዶ ላይ አይነዳም» አለች ፀሐይወርቅ። ከዚያ የተናገረችው ነገር ለራሷም ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እና የሚነዳለት ሰው የት ሄደ?»

«በሩን ዘግቶበት ሄደ።»

ከውጭ በረዶ ከጣሪያው ተንሸራቶ ሲወድቅ ሁለቱም ደነገጡ። ፀሐይወርቅ በሹክሹክታ መናገር ጀመረች። በዚህ ጉዳይ ባለቤቷ ሲነጋገር የሰነበተው ከሦስት የማኅበሩ ሰዎች ጋር ብቻ ነው፤ ከፋንታዬ፣ ከሰይፈሥላሴና ከዘውዱ ጋር። ትናንት ማታም ስልኩ የጮኸው በእነሱ ነው። እሷ ደግሞ በዚህ አገር እናት ወይም እኅት የላትም። ለቅሶ ሲሆን አጠገቧ የሚያድሩት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

«ለቅሶ የመጣን ሰው ውጣ አይባልም» አለች። «ዛሬ ማታ እዚህ ያድራሉ። ያ ሰው ደግሞ ጀማነህ ምን እንደነገረኝ አያውቅም። ሁሉንም ነግሯታል ብሎ ቢያስብስ?»

ማንያህልሻል አይዞሽ አላለቻትም። «ሳይመሽ እናውቀዋለን» አለቻት። «እስከዚያው የትም ብቻሽን አትሁኚ። ከማንም ጋር ሁለት አትሁኚ።»

ከዚያ ስልኩን አነሣች። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ስለዚህ ለሦስቱም «ፀሐይወርቅ ቤት ቶሎ ድረስ» ወይም «ድረሺ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመረችም። የፀሐይወርቅ እናት ደሴ ውስጥ ታመው መተኛታቸውን የማያውቅ አልነበረም። የሰማ ሁሉ አሮጊቷ አረፉ ብሎ እንደሚመጣ ማንያህልሻል አልጠፋትም። ይህን ያደረገችው ልማዱ ስለሆነ ነው እንጂ ለተንኮል አልነበረም።

መጀመሪያ የደረሰችው ፋንታዬ ናት። መኪና ስለማትነዳ በእግሯ እያለከለከች መጣች። በደጃፉ ላይ የማንያህልሻልን እጅ ይዛ «እናቷ ናቸው አይደል?» አለች፤ መልስም ሳትጠብቅ ወደ ውስጥ አየች። «ጀማነህስ? እሱ እያለ አንቺ ምን ሆነሽ ነው በር የምትከፍቺው?»

ማንያህልሻል ግቢ ብቻ አለቻት።

ሰይፈሥላሴ ቀጥሎ ደረሰ። ረጅም፣ ሽቶ የሚወድ፣ በብሮድ ጎዳና ላይ የጉዞ ወኪል ቢሮ ያለው ሰው ነው። አዲሱን መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ፣ የክት ካፖርቱን ለብሶ ገባ። እሱም በማንያህልሻል ጆሮ ስለ እናትየው ጠየቃት። «ጋሽ ጀማነህ የታለ? እስቲ ላናግረው፤ ወንዱ እሱ ነው» አለ።

በመጨረሻ ዘውዱ በእግሩ መጣ። ጃኬቱን አውልቆ ሰቀለ፣ ወደ ፀሐይወርቅ ሄዶ ትከሻዋን ሳመ። «አይዞሽ እትዬ። ብቻሽን አንተውሽም» አላትና ለወጥ ቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ ከጥግ ተቀመጠ።

«ወንበሮቹስ?» አለችው ፋንታዬ። የማኅበሩ የለቅሶ ወንበሮች ሁልጊዜ የሚቀመጡት በዘውዱ ቫን ውስጥ ነው። «ለቅሶ ቤት ባዶ እጅህን? ምን ነው፣ ተራራው ላይ ረሳሃቸው እንዴ?»

«ቫኑ ቆሟል። ሂተሩ ተበላሸ፣ አያሞቅም» አለ ዘውዱ።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ማንያህልሻል በመካከላቸው ቆማ፣ የሞቱት እናትየው አለመሆናቸውን፣ ጀማነህ ጠዋት በመኪናው ውስጥ ሞቶ መገኘቱን በአጭሩ ነገረቻቸው። ፋንታዬ ጮኸች፣ ነጠላዋንም ከትከሻዋ ጣለች። ሳይቀመጥ የቀረው ሰይፈሥላሴ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ እንደ ከረጢት ወረደ። ዘውዱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሦስቱም አለቀሱ። ልቅሶው ጋብ ሲልላቸው ደግሞ ሦስቱም በየተራ ወደ ፀሐይወርቅ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ጠየቋት። ጀማነህ ምን ነገረሽ? ስለ ተራራው ምን አለሽ? ፀሐይወርቅ ለሁሉም አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ጋቢም ደራርባ ተጠቀለለች።

ማንያህልሻል የቀብሩን ነገር እንነጋገር በሚል ሰበብ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ክፍል ጠራቻቸው።

ሰይፈሥላሴ ብዙ ተናገረ። የሪዞርቱን ባለ ሥዕል ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አሳያት፤ ሁሉም ሰው እየሣቀ ነው፣ ሰማዩም ሰማያዊ ነው። ጀማነህ ማታ ኮል አድርጎለት እስከ ነገ ከሰዓት ድረስ የልጆቹን ጉዞ ቡክ እንዳታደርግ እንዳለው፣ እሱም ተናዶ እንደጮኸበት አልደበቀም። «ጮኼበታለሁ። በመጨረሻ የተናገርኩት ያንን መሆኑ ነው የሚያቃጥለኝ» አለ።

«ጠዋት እሱን ይዘህ የምትሄድበት ቦታ ነበር?»

«በእሱ መኪና? ምን ነካሽ እትዬ፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ እኮ ነው። እኔ መንዳት የተማርኩት እዚህ ነው፤ ማርሽ አላውቅም። ባለፈው በጋ ገበያ ድረስ ልውሰድልህ ብዬው እንደ እንቁራሪት ስዘል መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ሲስቅብኝ ከርሟል። ጋሽ ጀማነህማ ከዚያ በኋላ ቁልፉን እንኳ አላስነካኝም።»

«ዘውዱ ቫኑ ተበላሸ አለ። ልጆቹን በምን ልትወስዷቸው ነበር?»

«እሱ ቀላል ነው። መብራቱ ብቻ ነው የተሰበረው። ማታ ኮል አድርጌለት መንገድ ላይ አጋዘን መታሁ ብሎኛል።»

ማንያህልሻል ስለ አጋዘኑ ሌላ አልጠየቀችውም።

ፋንታዬ ከመጀመሪያ ጀምሮ ጉዞውን የተቃወመች ናት። ባለፈው እሑድ በማኅበሩ ፊት «ልጄን እዚያ ወስደህ አንድ ጣቱ ቢሰበር አጥንትህን እቆጥረዋለሁ» ብላ በጀማነህ ላይ ስትዝት ያልሰማ የለም። አሁን ያንን ቃል እያስታወሰች ደረቷን ትመታ ነበር።

«ማታ እኔው ደወልኩለት» አለች። «እምቢ እንዲል ልለምነው ነበር። ‹ፋንታዬ፣ ተራራው ደህና ነው› አለኝ። ‹ጀማሪ የሚማርበት ቦታ ሜዳ ማለት ነው፤ እኔም ወድቄ ሣቁብኝ። ሰውን ወደ ላይ የሚያወጣውን ሊፍት አስቁሜ ገመዱን አይቻለሁ። ሐኪምም አላቸው። ተራራው ደህና ነው። የከፋው መንገዱ ነው› አለኝ። መንገዱ ምን ሆነ ስለው ዝም አለ። ያለቅስ መሰለኝ። ጀማነህ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም፤ ፈራሁና ስልኩን ዘጋሁት።»

ዘውዱ ሲገባ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ተቀመጠ። በአገሩ ሳለ በአሰብ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ካርቱም ውስጥ ናቸው። እሱ የዜግነቱን መሐላ ሲፈጽም ሊያመጣቸው ነው፤ መሐላውም ደርሷል። ሰው ሁሉ የሚወደው ዝምተኛ ሰው ነው።

ተራራውን አሳምሮ ገለጸላት። በረዶ የሚተፋ ማሽን አለ። ገና መናገር የማይችሉ ሕፃናት እንደ ጫጩት ተከታትለው ይንሸራተታሉ። ጀማነህ የተከራየው የስኪ ጫማ ከእግሩ አልወጣ ብሎት ሁለት ሰው ሲጎትተው ዋለ። ዘውዱ ይህን ሲናገር ፈገግ ሊል ሞከረ።

«መንገዱስ?»

«መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የጸዳ ነው። ምንም አላጋጠመንም።»

«ቫኑ ምን ሆነ አልከኝ?»

«ሂተሩ ነው እትዬ።» አውራ ጣቱ ጉልበቱን ፈተገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ ፀሐይወርቅ በጣም ፈርታለች። እሱ ማታ ምን ብሎ ነው የነገራት?» አለ። ማንያህልሻል እንደማታውቅ ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ምንም አይደል። ዛሬ እዚህ ሶፋው ላይ አድራለሁ። ስትረጋጋ ትነግረኛለች።»

ዘውዱ ከወጣ በኋላ ማንያህልሻል በሩን ቆልፋ ስልኩን ያዘች። መኪና የተጋጨበትን ቦታ ለማጣራት ለየአውራጃው ፖሊስ መደወል የየዕለት ሥራዋ ስለሆነ ማንን እንደምትጠይቅ አልቸገራትም። ብዙ አስጠበቋት። ያገኘችው ሰው የነገራትን በወረቀት ላይ ጻፈች። ከዚያ ሌላ ስልክ ደወለች፤ ይኼኛው ለኮሎምበስ ፖሊስ ነበር።

በዚህ መካከል ፀሐይወርቅ ሳሎን ውስጥ ከሦስቱ ጋር ተቀምጣ ነበር። ሰይፈሥላሴ ትራስ አመጣላት። ፋንታዬ እግሯን አሸችላት። ዘውዱ ሻይ አፍልቶ፣ ስኳር አማስሎ ሰጣት። ፀሐይወርቅ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው እንጂ አልጠጣችውም። «ጠጪ እንጂ እትዬ» ሲላት ወደ አፏ አስጠጋችና መለሰችው። ሻይው እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ከመስኮቱ ውጭ ብርሃኑ እየሣሣ፣ በረዶውም እየጠቆረ መጣ። ትንሽ ቆይቶ መብራት ይበራል፤ ከዚያ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ የሚያድርበትን ቦታ ይይዛል። ፀሐይወርቅ ይህን እያሰበች የኮሪደሩን በር ታይ ነበር።

ማንያህልሻል ወጣች። ወዲያው የደጁ በር ተንኳኳና ጠዋት የመጣው ሸምገል ያለ ፖሊስ ገባ። ቦታ ሲያጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ የሚነገረውን አማርኛ ባይሰማም ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

«የጀማነህ ሞት አደጋ አይደለም» አለች ማንያህልሻል። «እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።»

ሰይፈሥላሴ ወደ እሷ ዞረ።

«ጀማነህ ከጎን ነበር የተቀመጠው። ሊነዳለት የመጣ ሰው ነበር ማለት ነው። ፋንታዬ፣ አንቺ አትነጂም። ሰይፉ፣ አንተ ማርሽ አታውቅም፤ ጀማነህም ይህን ያውቃል። አንተ መሪ ይዘህ እሱ ጋቢ ተከናንቦ አይተኛም።»

«እውነት ነው» አለ ሰይፈሥላሴ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በማርሹ ነገር አላፈረም።

«የሚነዳለት ሰው ዘውዱ ነው። በበረዶ የትም ሲሄድ ሁልጊዜ በዘውዱ ቫን ነበር የሚሄደው። ታዲያ ዛሬ ለምን በገዛ መኪናው? ቫኑ ሰው እንዲያየው የማይፈለግ ስለሆነ። ለእኔ ሂተሩ ነው አልከኝ። ለሰይፉ አጋዘን መታሁ፣ መብራቱ ተሰበረ አልከው። የለቅሶ ወንበር ጭነህ ያልመጣኸውም ለዚህ ነው።»

ዘውዱ ቀና አላለም። «አጋዘን መምታት ወንጀል ነው?» አለ።

«አይደለም። የመታ ሁሉ ለኢንሹራንሱ ይደውላል፤ በከተማው ሁሉ ሲያወራው ይከርማል። አንተ ግን ለአንዱ ተናግረህ ከሌላው ደበቅህ። ለእኔ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የጸዳ ነው፣ ምንም አላጋጠመንም አልከኝ። ጀማነህ ደግሞ ለፋንታዬ ተራራው ደህና ነው፣ የከፋው መንገዱ ነው አላት። አንድ ቫን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ በአንድ መንገድ መጥታችኋል።»

ፋንታዬ ከዘውዱ አጠገብ ቀስ ብላ ፈቀቅ አለች።

«ለራሴ ትንሽ ጥርጣሬ ቀርቶኝ ነበር» አለች ማንያህልሻል። «የቀረውን ያስወገደልኝ ደጃፉ ነው። በስልክ ለማናችሁም ሞት አልነገርኩም። ፋንታዬ እናቷ ናቸው ወይ አለችኝ፤ ሰይፉም እንዲሁ። ሁለቱም ደግሞ ጀማነህ የት አለ አሉኝ። መጠየቃቸውም ተገቢ ነው፤ የሚስቱ እናት ሞተው ቢሆን በር ላይ ቆሞ የሚቀበል እሱ ነበር። አንተ ግን ማን ሞተ አላልክም። ጀማነህስ አላልክም። ባል ላላት ሴት ‹ብቻሽን አንተውሽም› ብለሃት በወጥ ቤቱ በኩል ለሚታየው ጋራዥ ጀርባህን ሰጥተህ ተቀመጥክ።»

ደረጃው ላይ የተቀመጠው ፖሊስ የሰዎቹን ፊት አይቶ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ዘውዱ ቀና ብሎ ፖሊሱን አየ። ሲናገር ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። ከተራራው ሲወርዱ ጨለም ብሎ በረዶ ይጥል ነበር። መንገድ ዳር አንድ ነገር መታ። ጀማነህ ምንድን ነው ሲለው አጋዘን ነው ብሎ ነዳ። ጀማነህ ግን ቤቱ ከደረሰ በኋላም አላመነውም፤ ደጋግሞ ደወለለት። በመጨረሻ ሰው እንደነበረ ነገረው። ጀማነህ ጠዋት አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን፣ ራስህ ትናገራለህ፣ እኔም ከአጠገብህ እቆማለሁ አለው።

«ልጆቼን ትቻቸው ስሄድ ትንሹ አይራመድም ነበር» አለ ዘውዱ። «ሰው ገድሎ ጥሎ የሄደን ሰው ማን ያስምለዋል? ማን ልጆቹን ያመጣለታል? የጋራዡን በር ከፍቼው ነበር እትዬ። መኪናውን አስነሣሁ። መድኃኒቱ ይዞታል፣ ዓይኑን መግለጥ አልቻለም። ‹ተኛ፣ ሲሞቅ እንሄዳለን› አልኩት። እሺ ብሎ ተኛ። ከዚያ ወጥቼ በሩን ሳወርደው እጄ የእኔ አልመሰለኝም።»

«ዘውዱ» አለች ማንያህልሻል፤ ያንን ቃል መናገር ከብዷት ነበር። «ሰውየው አልሞተም። የበረዶ ጠራጊዎች አንሥተውታል። እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። ዛሬ ጠዋት ቁርስ በልቷል ብለው ነገሩኝ።»

ዘውዱ ምንጣፉን በጥፍሮቹ ያዘ። ፖሊሱ መጥቶ ክንዱን ሲይዘው ራሱ ተነሣ፤ ማንያህልሻል በእንግሊዝኛ የተናገረችውን ፖሊሱ እየሰማ ገጹ ተለወጠ፣ ጠዋት አደጋ ነው ያላትን ሴት ማየትም ተሳነው።

በሩ ጋ ሲደርሱ ፀሐይወርቅ «ቆይ» አለች። ብርጭቆውን አስቀምጣ ተነሣች።

«ዛሬ ማታ እዚህ ልታድር ነበር።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ምን ብሎ እንደነገረሽ ማወቅ ነበረብኝ።»

«ካወቅህስ በኋላ?»

ዘውዱ የጫማውን ጫፍ ብቻ አየ። ፋንታዬ «የእግዚአብሔር ያለህ» ብላ አማተበች።

«ምንም አልነገረኝም» አለች ፀሐይወርቅ። «ስምህን እንኳ አላነሣም። ከማን ጋር ነው የምትሄደው ብዬ ለምኜው፣ ለእኔም ለሚስቱ ደብቆህ ነው የሞተው። አንተ ራስህ እንድትናገር ጠብቆህ ነው።»

ዘውዱ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው። የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ድምፁም እየራቀ ሄደ። ሰይፈሥላሴ በሩን ቆለፈ። ፋንታዬ መብራቱን አበራች። ማንያህልሻል ካፖርቷን ልታነሣ ስትል ቆም አለች፤ መልሳም ሰቀለችው፤ ማደሯ ነው። ቀኑን ሙሉ ፍርሃቷን ስትደብቅ የዋለችው ፀሐይወርቅ፣ አሁን የሚያስፈራት ሰው በቤቱ ውስጥ እንደሌለ ባወቀች ጊዜ፣ የባሏን ስም በሙሉ ድምፅዋ ጠርታ ማልቀስ ጀመረች።